የጎደለችው ኤስ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን አሥር ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንድንመጣ አዘዙን። እኔ ከአንድ አሜሪካ ከታተመ አሮጌ መጽሐፍ ላይ አንዱን ቀድቼ፣ «ዘ ዶክተር ኢንሲስትስ ዛት ሂ ቴክ ዘ ሜዲሲን» ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ይውሰድ ብሎ ድርቅ አለ ማለቴ ነው። ደብተሬ ሲመለስ «ቴክ» ከምትለው ቃል ጭራ ላይ አንዲት ቀይ ኤስ ተቀጥላለች፤ ከጎኗም አንድ ነጥብ ተቀንሷል። «ሂ፣ ሺ፣ ኢት ባሉበት ኤስ አትቀርም» አሉ መምህሩ። ከመጽሐፍ ነው የቀዳሁት ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ያቺ የጎደለች ኤስ ከሺህ ዓመት በላይ ታሪክ አላት። አብዛኞቻችን ታሪኩን በቁርጥራጭ እናውቀዋለን፤ «ኢፍ አይ ወር ዩ» የሚለውን ከመማሪያ መጽሐፍ፣ «ጎድ ብሌስ ዩ» የሚለውን ከፊልም፣ «ጎድ ሴቭ ዘ ኪንግ» የሚለውን ከእንግሊዞች መዝሙር። ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን የነገረን ግን የለም። ቤቱ በሰዋስው «ሙድ» ይባላል። የከተማ ልጆች «ሙድ ያዙብኝ» የሚሉት ሌላ ነው። ይኸኛው ሙድ ተናጋሪው ነገሩን በምን በኩል እንደያዘው የሚያሳይ የግስ መልክ ነው። «ይወስዳል» ያለ ሰው ወሬ ነገረን፤ «ውሰድ» ያለ አዘዘ፤ «ይውሰድ» ያለ ፈቀደ ወይም ፈለገ፤ «ቢወስድ ኖሮ» ያለ ደግሞ ያልሆነውን አሰበ። አማርኛ ይህን ሁሉ በግሱ ሆድና ጫፍ ላይ ይሠራዋል። እንግሊዝኛም ድሮ እንደዚያው ነበር።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከክርስቶስ ልደት በፊት 5ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 500 ዓ.ም.፦ ስሙ የወጣው ሌላ አገር ነው

ነገሩ የሚጀምረው ከነቀፋ ነው። ፕሮታጎራስ የተባለ የግሪክ መምህር ታላቁን ባለቅኔ ሆሜርን ሳይቀር ተቸው። ሆሜር ግጥሙን ሲከፍት የቅኔዋን አምላክ እየለመነ መስሎታል፣ ነገር ግን የተጠቀመበት ግስ የትእዛዝ ነው የሚል ነበር ትችቱ። አርስቶትል ይህን ጠቅሶ፣ ለባለቅኔ ይህ ምኑ ነው በሚል መንፈስ ያልፈዋል። እንደ እኔ አርስቶትል ልክ ነው፤ እኛም እግዜርን «ስማኝ» ስንል ማዘዛችን አይደለም። ይሁንና ፕሮታጎራስ አንድ በር ከፈተ። ልመና፣ ትእዛዝ፣ ጥያቄና ምላሽ የየራሳቸው መልክ አላቸው ብሎ ንግግርን መከፋፈል የጀመረው እሱ ነው ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በዲዮናስዮስ ትራክስ ስም የሚታወቀው አጭር የግሪክ ሰዋስው የግስን ሙድ አምስት ብሎ ቆጠረ፦ የሚገልጽ፣ የሚያዝ፣ የሚመኝ፣ በሌላ ግስ ሥር የሚገባና ገና ያልተወሰነ። ሮማውያን ቆጠራውን ወስደው «ሞዱስ» አሉት፤ አኳኋን ማለት ነው። በ500 ዓ.ም. ገደማ በቁስጥንጥንያ ያስተምር የነበረው ፕሪስኪያን በ18 መጻሕፍት የከፋፈለው የላቲን ሰዋስው ደግሞ ትምህርቱን ለመላው የአውሮፓ ትምህርት ቤት አወረሰው።

የኛ ጉዳይ አራተኛው ነው፤ ግሪኮቹም ላቲኖቹም «ከሥር የተያያዘ» የሚል ስም ሰጡት። የግእዝ መምህራንም በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ነገር አስተውለዋል። «ይቀትል» ትንቢት ነው፣ ይገድላል። «ይቅትል» ግን «ይገድል ዘንድ» ተብሎ ስለሚፈታ ዘንድ አንቀጽ ይሉታል። ሌላ ግስ ደግፎት የሚቆም ግስ ነው። «ሰብጀንክቲቭ» የሚለው ምላስ ስለሚያስር እኔም ከዚህ በኋላ የእንግሊዝኛውን ዘንድ አንቀጽ እያልኩ እሄዳለሁ፤ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ።

871–1066፦ ጫፉ የሚናገር ግስ

ንጉሥ አልፍሬድ በእንግሊዝ ዌሴክስን ሲገዛ (871–899) ኦትሄሬ የሚባል ኖርዌያዊ መርከበኛ ወደ ግቢው መጥቶ ስለ ሰሜኑ አገር አወራለት። ጸሐፊዎቹ ቃሉን በዘመኑ እንግሊዝኛ መዘገቡት። ኦትሄሬ አገሩ ወደ ሰሜን እጅግ ረጅም ነው ሲል የገባው «ነው» ተራው «ነው» አይደለም፤ «ሲዬ» የሚል የዘንድ አንቀጽ ነው። ጸሐፊው ይህን ሲመርጥ፣ እሱ ያለውን ነው የምጽፈው፣ ሄጄ አላየሁትም ማለቱ ነው። እኛ «ረጅም ነው አሉ» ብለን «አሉ»ን የምንጨምርበትን ቦታ የጥንቱ እንግሊዝኛ በግሱ መልክ ብቻ ይሞላው ነበር።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ምኞት፣ ጸሎት፣ ምክር፣ ጥርጣሬ፣ «ምንም እንኳ»፣ «ከመሆኑ በፊት» ሁሉ ዘንድ አንቀጽ ይጠሩ ነበር። መልኩም ለጆሮ ግልጽ ነበር። «ሄ ቢንዴዝ» ያስራል ነው፤ «ሄ ቢንዴ» ይሰር ወይም ቢያስር። ብዙ ቁጥር ሲሆን «ቢንዳዝ» ያስራሉ፣ «ቢንዴን» ይሰሩ። ይህን ልዩነት የሚሸከሙት በቃሉ መጨረሻ ላይ ያሉ ደካማ ድምፆች መሆናቸውን ያዙልኝ፤ ኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚያ ነው።

ከ1000 ዓ.ም. ጥቂት ቀደም ብሎ ኤልፍሪክ የሚባል መነኩሴ ለሕፃናት የላቲን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ጻፈ። ላቲንን በሕዝብ ቋንቋ የሚያስተምር ሰዋስው በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር። ለሙዶቹም ከአገሩ ቃል «አዛዥ»፣ «ተመኚ» የሚመስሉ ስሞች አወጣላቸው። ስሞቹ ከእሱ ጋር ቀሩ። በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን ከያዙ በኋላ እንግሊዝኛ የቤተ መንግሥትና የትምህርት ቋንቋ መሆኑ ቀረና የሚጠራቸው ጠፋ።

1066–1500፦ ጫፉ ሲረግፍ

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በኖርማኖች ላይ ይላከካል። እንግሊዝኛ የባላገር ቋንቋ ሆኖ ሲቀር የሚያርመው ጠፋና ተበላሸ ይባላል። ነገሩ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ጀምሯል። እንግሊዝኛ ቃሉን የሚጫነው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ጫፉ ሳይጫን ስለሚቀር ይደበዝዛል። በሰሜኑ የአገሩ ክፍል የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያንም ሥሩ ተመሳሳይ፣ ጫፉ ግን የተለየ ቋንቋ ይናገሩ ነበርና መግባባት ሲፈለግ የሚጣለው ጫፉ ነበር። ቀድመው «ኦን» እና «ኤን» ተቀላቀሉ፤ ያኔ በኃላፊ ጊዜ «አሰሩ» እና «ቢያስሩ ኖሮ» አንድ መልክ ያዙ። ቀጥሎ መጨረሻ ላይ የምትሰማው ቀጭን «ኤ» ራሷ እስከ 1400 ገደማ ከአፍ ጠፋች። «ቢንዴ» «ባይንድ» ሆነ።

አሁን የቀረውን እንቁጠር። ለ«እኔ» ልዩነት የለም፤ ለ«እኛ»፣ ለ«እናንተ»፣ ለ«እነሱ»ም የለም። ለ«አንተ» ለጊዜው ነበረ፤ ኋላ «ዛው» የሚለው ተውላጠ ስም ከተራ ንግግር ሲወጣ እሱም አብሮ ወጣ። ለ«እሱ» እና ለ«እሷ» ብቻ አንድ ምልክት ተረፈ፤ ተራው ግስ «ዝ» ወይም ኋላ እንደሆነው «ኤስ» ይጨምራል፣ ዘንድ አንቀጹ አይጨምርም። ድሮ የራሱ ጫፍ የነበረው መልክ ከዚህ በኋላ የሚታወቀው በጎደለው ነገር ሆነ። የእኔን ደብተር ያቀላው ይኸው ነው።

«መሆን» የሚለው ግስ ብቻ ከአደጋው በተሻለ ተረፈ። ከአፍ የማይለይ ቃል መልኩን ስለሚጠብቅ «ቢ» ከ«ኢዝ»፣ «ወር» ከ«ዎዝ» ተለይተው ቆሙ።

ሰው ግን መመኘቱንና መጠርጠሩን አልተወም። ግሱ ሲደክምበት ረዳት ቀጠረ። «ሜይ» ጉልበት መኖር ማለት ነበር፤ «ካን» ማወቅ፤ «ዊል» መፈለግ፤ «ሻል» ደግሞ ዕዳ መኖር። እነዚህ ሙሉ ግሶች ቀስ በቀስ የራሳቸውን ትርጉም እየጣሉ ለሌላው ግስ ጭነት ተሸካሚ ሆኑ። በጥንቱ በአንድ ጫፍ የሚነገረው በዚህ ዘመን በ«ሹድ»፣ በ«ዉድ»፣ በ«ማይት» መነገር ያዘ። ሙድ ሞተ ሲባል በሰማሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ይህ ነው፤ ሥራው አልሞተም፣ ሠራተኛው ተለወጠ እንጂ።

1540–1653፦ በላቲን ልክ የተሰፋ ልብስ

በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን በ1540ዎቹ አንድ ትእዛዝ ወጣ፤ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ላቲንን በዊልያም ሊሊ ስም ከሚጠራው ሰዋስው ብቻ እንዲያስተምሩ የሚል። ሊሊ የሚያስተምረው ስድስት ሙድ ነው። ልጁ «ሜይ» ወይም «ዉድ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ሲያይ ይህ የ«ይቻላል» ሙድ ምልክት ነው ይባላል። ትውልድ ሙሉ እንዲህ እየተባለ አደገ። በ1586 ዊልያም ቡሎካር የመጀመሪያውን የታተመ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲያወጣ የሊሊን ቅርጽ ወስዶ እንግሊዝኛን አለበሰው። ልብሱ ለሌላ ሰው የተሰፋ ነበር፤ እጅጌው ይረዝማል፣ ትከሻው ይጠባል።

«ሙድ» የሚለው ቃል ራሱ የዚህ ዘመን ውልድ ነው። ከላቲኑ «ሞዱስ» የመጣው «ሞድ»፣ ልብና መንፈስ ማለት ከሆነው ከአገሩ «ሙድ» ጋር ተደባለቀ። ሰዋስውን ከስሜት ጋር የሚያያይዙ መምህራን እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት፤ መነሻው አኳኋን ነው።

ልብሱ አልሆነም ብሎ በድፍረት የተናገረው የሒሳብ ሰው ነው። የኦክስፎርዱ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ጆን ዋሊስ፣ ማለቂያ ለሌለው ቁጥር ያንን የተኛ ስምንት የመሰለ ምልክት የሰጠው ሰው፣ በ1653 ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ጻፈ። መጽሐፉን የጻፈው፣ መቼም አይቀርምና፣ በላቲን ነው። በመቅድሙ ግን የላቲንን የሙያ፣ የጾታ፣ የሙድና የጊዜ ክምር እንግሊዝኛ ላይ መጫን ለምን አስፈለገ ብሎ ጠየቀ። የእንግሊዝኛ ግስ በራሱ መልክ ሁለት ጊዜ ብቻ አለው፣ የቀረውን ረዳቶቹ ይሠሩታል አለ። ያኔ የሰማው ጥቂት ነው። የዛሬ የቋንቋ ባለሙያዎች የሚሉት ከእሱ ብዙ አይርቅም።

1762–1795፦ የደንብ ዘመን

አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ሀብት ያገኘበት፣ ከሀብቱም ጋር የጨዋ አነጋገር የፈለገበት ጊዜ ነው። ፍላጎቱ ገበያ ፈጠረ። በ1762 ሮበርት ሎውዝ፣ ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው፣ አጭር የእንግሊዝኛ ሰዋስው አሳተመ። ሎውዝ ታላላቅ ጸሐፊዎችን ሳይቀር በግርጌ ማስታወሻ እየያዘ ያርማል። ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ «ኢፍ» ሲመጣ «ሂ ኢዝ» ይባል ወይስ «ሂ ቢ» የሚለው ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የተሰራጨው ግን የሊንድሊ መሪ መጽሐፍ ነው። መሪ ፔንሲልቬኒያ ተወልዶ ኒው ዮርክ በጥብቅና የሠራ አሜሪካዊ ነበር፤ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ዮርክ አጠገብ ተቀመጠ። በከተማው የነበረ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት መምህራት ቢለምኑት በ1795 ሰዋስው ጻፈላቸው። መጽሐፉ በሁለቱም የአትላንቲክ ዳርቻ በሚሊዮን ተሸጠ። ለእንግሊዝ ልጆች እንግሊዝኛን ያስተማረው አሜሪካዊ መሆኑ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። መሪ አምስት ሙድ ቆጠረ። ልጆቹ «ኢፍ አይ ላቭ፣ ኢፍ ዛው ላቭ፣ ኢፍ ሂ ላቭ» እያሉ በቃላቸው ያዙ፤ ከስድስቱ መደብ በአራቱ ከተራው ግስ የማይለየውን መልክ እንደ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ሸመደዱት።

በዚያው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ድምፅ ነበር። በኋላ በመዝገበ ቃላቱ የታወቀው ኖኅ ዌብስተር በ1789 ባሳተማቸው ጽሑፎቹ ሕዝቡ «ኢፍ አይ ዎዝ» ካለ ሕዝቡ ልክ ነው ብሎ ተከራከረ። መምህራኑ የሰሙት ግን መሪን ነው። ከዚህ በኋላ «ወር» ሰዋስው ብቻ መሆኗ ቀረ። የተማረ ሰው መታወቂያ ሆነች፤ «ዎዝ» ያለ ሰው ትምህርት ቤት አልገባም ተባለ። ዛሬም ድረስ የምንፈራት በዚህ ነው።

1926–1949፦ ሳይሞት የተለቀሰለት

ሄንሪ ፋውለር በ1926 ያወጣው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገብ የጋዜጠኛውና የደራሲው ሁሉ የትራስጌ መጽሐፍ ነበር። ዘንድ አንቀጽ ከጥቂት የታወቁ አባባሎች በቀር እያጣጣረ ነው ብሎ ፈረደ። በ1949 በታተመው የማስታወሻ ደብተሩ ደራሲው ሶመርሴት ሞም የባሰውን ተናገረ፤ እየተሠቃየ ነውና ቶሎ ብንገላግለው ይሻላል አለ። ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው፤ በዙሪያቸው የሚሰሙትን ነው የተናገሩት። በለንደን «ሐኪሙ ይውሰድ አለ» ለማለት «ሹድ ቴክ» ይባላል፤ ወይም በግዴለሽነት «ቴክስ»።

ያላዩት ማዶውን ነው። አሜሪካ ውስጥ «ኢንሲስት»፣ «ዲማንድ»፣ «ሪኮመንድ» ከሚሉ ግሶች በኋላ ያለ ኤስ የሚገባው ግስ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ እየበዛ ነበር። የኡፕሳላዋ ተመራማሪ ጌርድ ኦቨርጎርድ በ1995 ባወጣችው ጥናት ይህን ደረጃ በደረጃ አሳይታለች። አንዱ የሚሰጠው ምክንያት በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ የሰፈሩት ስደተኞች ናቸው፤ ጀርመንኛን የመሰለ ሙድ በግሱ ላይ የሚታይበት ቋንቋ ይዘው ስለመጡ እንግሊዝኛውም ውስጥ ያንኑ ፈለጉ ይባላል። ፋውለር ሊቀብረው የተዘጋጀውን ስደተኛ አስነሳው ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አካሄዱ ወደ ብሪታንያም ተመልሶ ገባ።

1961–2008፦ የተቆጠረ ቋንቋ

ክርክሩን ከጆሮ ወደ ቁጥር ያመጡት በሮድ አይላንድ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በ1961 አሜሪካ ውስጥ ከታተሙ ጽሑፎች 500 ናሙና፣ እያንዳንዱ 2,000 ቃል፣ በድምሩ አንድ ሚሊዮን ቃል ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። ኋላም ላንካስተር፣ ኦስሎና በርገን ያሉ ምሁራን በዚያው ዓመት የታተመ የብሪታንያ ጽሑፍ በተመሳሳይ ልክ ሰበሰቡ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ አሜሪካኖቹ በአብዛኛው ዘንድ አንቀጹን፣ ብሪታንያውያኑ በአብዛኛው «ሹድ»ን እንደሚመርጡ ታየ።

ይህ ልዩነት እኛንም ይነካል። ከ1941 በኋላ በተከፈቱት የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን የእንግሊዝ መምህራንና መጻሕፍት ነበሩ፤ በ1962 ደግሞ የአሜሪካ ፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች በመቶዎች ሆነው ገቡ። ሁለቱ እንግሊዝኞች በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተገናኙ ማለት ነው፤ የቱ የማን እንደሆነ ያልተነገረን ልጆች ደግሞ አንዱን ከአንዱ ቀላቅለን ተማርን።

በ2002 የወጣው የሮድኒ ሀድልስተንና የጄፍሪ ፑለም ግዙፍ የካምብሪጅ ሰዋስው የነመሪን ሠንጠረዥ ጨርሶ አነሳው። እንግሊዝኛ የዘንድ አንቀጽ የግስ መልክ የለውም ይላሉ፤ ያለው ምንም ያልተቀጠለበት ግስ የሚገባበት የዓረፍተ ነገር ዓይነት ነው። «ኢፍ አይ ወር» ውስጥ ያለችውን «ወር» ለብቻዋ አስቀምጠው ላልሆነ ነገር የምትነገር ብቸኛ ቅሪት አድርገው ይቆጥሯታል። የዋሊስ ጥያቄ መልስ ለማግኘት 350 ዓመት ገደማ ፈጀበት።

ቅሪቷ ግን ገና አልተለየችንም፤ ከገበያም አልወጣችም። በ1964 ብሮድዌይ ላይ በወጣው «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» የሙዚቃ ቲያትር ውስጥ ድሃው ወተት ሻጭ ሀብታም ብሆን እያለ የሚዘፍነው ዝነኛ ዘፈን ርእሱ በ«ወር» ነው። በ2004 ዘፋኟ ግዌን ስቴፋኒ ዜማውን ወስዳ የራሷን ስትሠራ «ወር»ን በ«ዎዝ» ቀየረቻት። ቢዮንሴ በ2008 ወንድ ብሆን ብላ ስትዘፍን ግን ርእሱ ላይ «ወር» ተመልሳለች። ሰው ሲያነጥስም እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁሉ ሰዋስው ተማረ አልተማረ «ብሌስ ዩ» ይላል እንጂ «ብሌስስ» አይልም። «ይባርክሃል» ሳይሆን «ይባርክህ» ነውና፤ እኛ «ይማርህ» እንደምንለው።

ወደ ደብተሬ ልመለስ። መምህሩ የቀጠሏት ኤስ ለአሜሪካዊ አንባቢ ትርጉሙን ትገለብጠዋለች። «ዛት ሂ ቴክ» ካለ ሐኪሙ ይውሰድ እያለ ነው፤ «ዛት ሂ ቴክስ» ካለ ግን ሰውየው መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳል ብሎ እየተከራከረለት ነው። በሽተኛው አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፣ ጉዳዩ ሁለት። ለብሪታንያዊ አንባቢ ደግሞ የመምህሩ ኤስ ለሁለቱም ትሆናለችና ስሕተት አትባልም፤ መጽሐፋቸው ከዚያ የመጣ ከሆነ እሳቸውም አልተሳሳቱም። እኔ ግን ነጥቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።